ከዙፋኑ ሥዕል በታች የተጻፈችው «ነበረ»

አንባቢ ሆይ፣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ጉዳይ መናገር አይገባኝም። የሚመለከታቸው ሰዎች በክብር ኖረው፣ ገሚሶቹም በክብር አርፈው፣ ነገሩ አፈር ለብሶ ከተኛ በኋላ እኔ ዛሬ አካፋ ይዤ መነሣቴ ከጨዋ ሰው የሚጠበቅ ተግባር አይደለም። ግን ምን ላድርግ፤ የአንድ ሽማግሌ ምስጋና አለብኝ። ምስጋና ሆድ ውስጥ ብዙ ሲቆይ እንደ ወተት ነው፣ ይበላሻል። ሳይበላሽ ላውጣው ብዬ ነው።

መቼም እናንተ አማርኛን ከእናታችሁ ጭን ላይ የተማራችሁ ሰዎች ልብ አትሉትም እንጂ፣ በቋንቋችሁ ውስጥ የሚያስፈራው ገደል ያለው በ‹አንተ› እና በ‹እርስዎ› መካከል ነው። እኔ አስመራ ተወልጄ አማርኛን ከጥቁር ሰሌዳና ከመምህር ኩርኩም የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ገደሉን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ወድቄበታለሁ። ሰማይንና ምድርን የፈጠረውን ‹አንተ› ትሉታላችሁ። የመዝገብ ቤቱን ሹም ‹እርስዎ› ትሏቸዋላችሁ። በልጅነቴ ነገሩን አሰላስዬ የመዝገብ ቤቱ ሹም ቢበልጡ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሼ ነበር። መዝገብ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ እንደዚያው ያምናል። በእኛም በትግርኛ ነገሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ነገር ግን የራስ ቋንቋ ሲያስፈራ አይታወቅም።

የጥንት ሠዓሊዎቻችን ይህን ችግር እንዴት እንዳመለጡት ደግሞ ልንገራችሁ። ክርስቶስን በዙፋኑ ላይ አድርገው ሲሥሉት ‹አንተ› ወይም ‹እርስዎ› ማለት አላስፈለጋቸውም። ዐይኑን አተለቁት፣ በቃ። በብራና ላይ አይታችሁ ከሆነ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ በጣቶቹ ይባርካል፣ በግራው መጽሐፍ ይዟል፣ ዙሪያውን ላይና ታቹ የሾለ የብርሃን ክብ ይዞታል። በአራቱ ማዕዘን አርባዕቱ እንስሳ የሚባሉት አሉ። ሰው፣ አንበሳ፣ በሬና ንስር፤ አራቱም ክንፍ አውጥተዋል። ልብሱ ከላይ እስከ ታች ቀይና ቢጫ መስመር በመስመር ነው። ዐይኑ ወዴትም ብትሄዱ ይከተላችኋል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል። ዙፋኑ አይታይም። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጊዜው ፌዴሬሽኑ ቀርቶ አንድ ከሆንን ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ማን ከማን ጋር አንድ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ማለቴ መጀመሪያ ነበረ፣ ኋላ ግን አልነበረም። የመሥሪያ ቤት ሥራ ሁሉ በአማርኛ ሆነና እኔ፣ በልጅነቴ ዲያቆን የነበርኩ፣ ፊደሌ ያማረ፣ አማርኛዬ ግን ከጉሮሮዬ የሚወጣ ሰው፣ አስመራ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። እሱም የኔን ትቶታል።

አለቃዬ አቶ ግርማ ይባላሉ። ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ከረባታቸው በሐምሌ ዝናብ እንኳ የማይጣመም ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጨጓራ ነበረባቸው። ጠዋት ጠዋት ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ባር ሙቅ ወተት ያስመጡና ደብዳቤ በከፈቱ ቁጥር አንዴ ይጎነጫሉ። ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ከሆነ ሁለቴ።

አንድ ቀን ብርጭቆው ባዶ ሆነ። አንድ ደጃዝማች መሥሪያ ቤታችንን ሊጎበኙ ነው። አዳራሹ ይታጠብ፣ ግድግዳው ይቀባ፣ በስተ ምሥራቅ ባለው ግድግዳ ላይ የሀገሪቱን የጥንት ጥበብ የሚያሳይ አንድ ትልቅ ሥዕል ይሰቀል ተባለ። አቶ ግርማ አሰቡና ክርስቶስ በዙፋኑ ይሁን አሉ። ብልህ ምርጫ ነበር። ማንም ይህን ሥዕል ለምን ሰቀልክ ሊል አይችልም፣ ደጃዝማቹም ከክርስቶስ በታች መቀመጥ አይከፋቸውም ብለው ገመቱ። ሠዓሊ ፈልግ አሉኝ። አቦይ ምስግናን አመጣሁ።

አቦይ ምስግና ጸጸራት በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በጣሊያን ጊዜ ለግድግዳ ቀቢዎች ቀለም በመበጥበጥ ጀምረው፣ ኋላ የራሳቸውን ብሩሽ ያዙ። ከቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር እስከ ገበያው ድረስ ያሉት የባር፣ የኬክ ቤት፣ የጸጉር ቤት፣ የልብስ ሰፊ ጽሑፎች የሳቸው እጅ ናቸው። በጣሊያንኛ ጽፈዋል፣ በዐረብኛ ጽፈዋል፣ በእንግሊዝኛ ጽፈዋል፣ በኛም ፊደል ጽፈዋል። አንዱንም ማንበብ አይችሉም። አንድ የጣሊያን ጸጉር ቆራጭ ስሙን በወረቀት ጽፎ ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው ወረቀቱን ዐይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው ያዩታል፤ ከዚያ ሰውየው ከጻፈው አሳምረው ይሥሉታል። «ፊደል ሥዕል ነው፣ ወደይ» ይሉኝ ነበር። ‹ልጄ› ማለታቸው ነው።

በወጣትነታቸው በአንድ የደጋ ገዳም ውስጥ አሮጌ ብራና ገልጠው አሳይተዋቸው ነበርና ያንን ክርስቶስ ከዐይናቸው አውጥተው በሰፊ ጣውላ ላይ ሣሉት። ዐሥራ አምስት ቀን ፈጀባቸው። ስንገባ ስንወጣ የሚያየን እሱ ነው። ያልተፈረመበት ደብዳቤ በኪሴ ይዤ ባለፍኩ ቁጥር ዐይኔን እሰብር ነበር።

ሲያልቅ አቶ ግርማ ከሥሩ ጽሑፍ ይኑርበት አሉ። «ግዕዝ ይሁን። ክብደት እንዲኖረው።» ግዕዝ ሲባል የዲያቆንነቴ ኩራት ተነሣ። ከእግሩ በታች እንዲጻፍ ይህችን መረጥኩ። ‹ንጉሠ ነገሥት ነበረ ዲበ መንበሩ›። የነገሥታት ንጉሥ በዙፋኑ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ግዕዙ ስሕተት የለበትም። ዛሬም ቢሆን የለበትም። በወረቀት አሳምሬ ጽፌ ለአቦይ ምስግና ሰጠኋቸውና ወደ ደብዳቤዎቼ ተመለስኩ።

አሁን እግዚአብሔር ያሳያችሁ። አቦይ ምስግና ጽሑፉን ለኩት፤ ለአንድ መስመር ረዘመ። ስለማያነቡ፣ ዐይናቸው ደስ ያለው ቦታ ላይ ቆረጡት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት በስንዝር ፊደል በወርቅ ቀለም ጻፉ። ወርቁ አለቀ። ስለዚህ የቀሩትን ሁለቱን ከታች፣ በአንበሳው ጅራትና በበሬው ሰኮና መካከል፣ በትንንሽ ፊደል፣ በቡናማ ጣውላ ላይ፣ በቡናማ ቀለም ጻፏቸው።

ደጃዝማቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር፣ ጠዋት፣ አቶ ግርማ አዳራሹን ሊያዩ ገቡ። እኔ ምስጋና ይሰጠኛል ብዬ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ከበስተኋላቸው ቆምኩ። አቦይ ምስግና መሰላል ላይ ወጥተው የንስሩን ዐይን ያስተካክላሉ። አቶ ግርማ ፈገግ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«ንጉሠ ነገሥት...»

ቆሙ።

«...ነበረ።»

እዚህ ላይ እናንተ አማርኛ አዋቂዎች ቀድማችሁኝ ደርሳችኋል። ግዕዝ ‹ነበረ› ሲል ተቀመጠ ማለቱ ነው። አማርኛ ‹ነበረ› ሲል ግን ድሮ ነበረ፣ ዛሬ የለም፣ ነፍስ ይማር ማለቱ ነው። እኔ ቃሏን ስመርጥ ጆሮዬ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነበር። አቶ ግርማ ሲያነቧት ጆሯቸው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አሉ በሹክሹክታ። ሰው ሲቆጣ ይጮኻል፤ ሲፈራ ነው የሚንሾካሾከው።

«ግዕዝ ነው ጌታዬ» አልኩ። «ተቀመጠ ማለት ነው። ቀጥሎ ዲበ መንበሩ ይላል።»

«የት ነው የሚለው?»

«እዚያ... ከጅራቱ ሥር።»

«ደጃዝማቹ ጅራት ሥር ጎንበስ ብለው ያነባሉ?»

አቶ ግርማ በጣታቸው ወደ ወርቁ ፊደል ጠቆሙ።

«ንጉሠ ነገሥት ነበረ! አንደኛ፣ ነበረ። ሁለተኛ፣ ምናለ ‹ነበሩ› እንኳ ብትል?»

መርዳት ፈልጌ «‹ነበሩ› ላስደርገው?» አልኳቸው። አቶ ግርማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ለካ ንጉሥን በአክብሮት ከዙፋን ማውረድ ወንጀሉን አያቀለውም።

አትሳቁብኝ። በዚያን ዘመን ከዚህች ባነሰች ቃል ከቤቱ የተወሰደ ሰው በስም አውቃለሁ። ባለቤቴ ለተብርሃን የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ ሁለት ሳምንት ነው የቀራት። ልጄ ከመወለዱ በፊት አባቱ ‹ነበረ› ሊባል ነው ብዬ አሰብኩ፤ አሁን ሳስበው ጥሩ አባባል ነው፣ ያኔ ግን በሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በዐይኔ እለካ ነበር።

አቶ ግርማ ከረባታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያላሉ አየሁ። «ይህ ጽሑፍ ሦስት ቀን ሰው ሁሉ እያየው ውሏል። ወሬው ወጥቶ ቢሆንስ? ነገ ብጠየቅ የምሰጠው ስም ያስፈልገኛል» አሉ። ፊታቸው ወደኔ ነው። የሚያውቁት ስም የኔን ነው።

መሰላሉ ተንቋቋ። አቦይ ምስግና አንድ አንድ እያሉ ወረዱ፤ ብሩሹን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«እኔ ነኝ፣ ጐይታይ» አሉ፤ ‹ጌታዬ› ማለታቸው ነው። «የኔን ስም ጻፉት።»

«አንተ ነህ ይህን ያሰብከው?»

«ማሰብስ አላሰብኩም። ፊደል አላውቅም።»

«ፊደል የማያውቅ ሰው እንዴት ፊደል ይጽፋል?»

«እወ፣ ይጽፋል። የዝሆን ሥዕልም ሠርቻለሁ፤ ዝሆን አይደለሁም።» ወደኔ በአገጫቸው አመለከቱ። «ይህ ልጅ ደህና አድርጎ ነው የሰጠኝ። የቆረጥኩት እኔ፣ ወርቁ ያለቀብኝ እኔ። ለመታሰርም እኔ እሻላለሁ። እሱ ሚስቱ ልትወልድ ነው፤ እኔ የሚጠብቀኝ የሲኒማ ቤት ሰሌዳ ነው።»

እኔ በዚህ ጊዜ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? ‹የለም፣ እኔ ነኝ› ያልኩ? አላልኩም። አንዲት ቃል ያበላሸ አፌ ሌላ ቃል ለማውጣት እምቢ አለኝ። ይህን ሁሉ ዛሬ የምጽፈው ያን ጊዜ ዝም ስላልኩ ነው።

አቶ ግርማ ሽማግሌውን አዩዋቸው። ብዕር አላወጡም። ይህንንም ልመስክርላቸው፣ ብዕር አላወጡም። «የማንንም ስም አልጽፍም። እንዴት እንደምናስተካክለው ንገሩኝ» አሉ።

ያኔ ወኔዬ ተመለሰ፤ የኔ ወኔ ሁልጊዜ የሚመለሰው አደጋው ሲያልፍ ነው። ከዮሐንስ ራእይ ትዝ ያለኝን አቀረብኩ። «‹ያለና የነበረ፣ የሚመጣውም› ብንልስ፣ ጌታዬ? ‹ነበረ›ም ይቆያል፣ ‹አለ›ም ይገባል።»

ፊታቸው በራ። «ያለና የነበረ... ደግ ነው። የሚመጣውም...» ብርሃኑ ጠፋ። «ማነው የሚመጣው?»

«ክርስቶስ፣ ጌታዬ። ዳግመኛ።»

«እሱ መሆኑን ጽሑፉ ይናገራል?»

«አይናገርም።»

«እና በንጉሠ ነገሥቱ ቦታ የሚመጣ ሌላ አለ ብለህ በኔ አዳራሽ ልትለጥፍ ነው? አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትሠራው?»

አቦይ ምስግና ናቸው የገላገሉን። «በገዳሙ ያየሁት ጽሑፍ አልነበረበትም» አሉ። «ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። እናጥፋው።» የዘይት ቀለም አልቆባቸው ስለነበር ሰማያዊ የኖራ ቀለም በውኃ በጥብጠው ሁለቱንም መስመር ሸፈኑት። እስከ ምሳ ሰዓት ደርቆ ክርስቶስ በጠራ ሰማይ ላይ ተቀመጠ። ሦስታችን ተያየን። ከዚያ ቀን በፊት ሦስት የተለያየን ሰዎች ነበርን፤ በዚያች ቃል አንድ ሆንን። እውነተኛውን አንድነት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ደጃዝማቹ በማኪና መጡ። ሰፊ፣ ግርማ ያላቸው፣ ዐይናቸው ትንሽ የደከመ ሰው ናቸው። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ሥዕሉን አዩ። ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እስከ ወገባቸው ድረስ እጅ ነሡ። እኛም ከኋላቸው እጅ ነሣን። እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ናቸው ብዬ ልቤ ሲረጋጋ፣ ቀና ብለው አቶ ግርማን እንዲህ አሏቸው።

«ግርማዊነታቸውን በወጣትነታቸው ነው የሣላችኋቸው?»

እስቲ እናንተ በአቶ ግርማ ቦታ ሁኑ። ‹አይደሉም› ቢሉ፣ ደጃዝማቹን በሰው ፊት ማሳፈር ነው። ‹ናቸው› ቢሉ፣ ከላይ ሆኖ በእነዚያ ትልልቅ ዐይኖች የሚያያቸው አለ። ከበሩ አጠገብ የአቦይ ምስግና ድምፅ መጣ።

«ንጉሥ ነው፣ ጐይታይ።»

«‹ናቸው› ማለቱ ነው፣ ክቡርነትዎ» አሉ አቶ ግርማ በፍጥነት። «አማርኛው ገና ነው።»

እውነትም ውሸትም ያልሆነ ነገር የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን እውነት ብቻ ነበር። ደጃዝማቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንበሳው ገብቶኛል። በሬው፣ ንስሩ፣ ይህ ክንፍ ያለው ሰውስ?»

የአቶ ግርማ ምላስ ተፈታ። ሲፈሩ እንዲህ አዋቂ የሚሆኑ ሰው አይቼ አላውቅም። «በሬው እርሻ ነው፣ ክቡርነትዎ። ንስሩ አቪዬሽን። ሰውየው ትምህርት።»

«ክንፉስ?»

«ዕድገት።»

በአራቱ እንስሳ የሚመሰሉት ወንጌላውያን አራቱም ይቅር ይበሉን። ደጃዝማቹ ረክተው ሊወጡ ዞሩና ድንገት ተመለሱ። «ሁሉም ደግ ነው፤ ግን ዙፋኑ የታለ? እግር የለው፣ መደገፊያ የለው። ዙፋኑ አይታይም!»

አቶ ግርማ ወደኔ አዩ። እኔ ወደ አቦይ ምስግና አየሁ። አቦይ ምስግና ደጃዝማቹን አዩ።

«ተቀምጦበታላ፣ ጐይታይ» አሉ። «ሰው ሲቀመጥበት ወንበር አይታይም።»

ደጃዝማቹ ሥዕሉን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ ሳቁ። የሽማግሌውን እጅ፣ ቀለም እንደነካው፣ ጨበጡ። ወሬውም አልወጣም፤ ጠያቂም አልመጣም። ማኪናው እንደሄደ አቶ ግርማ ሙቅ ወተታቸውን ራሳቸው ይዘው መጥተው ለአቦይ ምስግና ሰጧቸው። «እርስዎ ይጠጡት» አሏቸው። እርስዎ። ትናንት አንተ ነበሩ። እኔ ያንን ገደል በዕድሜዬ ሙሉ ስወድቅበት የኖርኩት፣ አቦይ ምስግና በአንድ ጠዋት ተሻገሩት። «የቐንየለይ» ብለው አመሰገኑና ወተቱን ጭልጥ አደረጉት።

ለተብርሃን በሁለተኛው ሳምንት ወለደች። የልጃችንን ስም ምስግና አልነው፤ በትግርኛ ‹ምስጋና› ማለት ነው። ሰዎች እግዚአብሔርን ማመስገናችን ይመስላቸዋል፤ እሱም አለበት። አቦይ ምስግና ግን ገብቷቸዋል። በክርስትናው ቀን ልጁን አቅፈው በጆሮው «ፊደል ቶሎ እንዳትማር» ሲሉት ሰምቻለሁ።

ዓመታት አለፉ። ያለፈውን ታውቃላችሁ፤ አንድ ቀን በሬዲዮ የተባለው ተባለ። ከሁሉ የገረመኝ ዜናው አይደለም፤ አነጋገሩ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ማታ ‹ናቸው›፣ ከጠዋት ጀምሮ ‹ነበረ›። የጊዜውም የአክብሮቱም ስሕተቶቼ በአንድ ቀን ታረሙልኝ። ወደ ጸጸራት ሮጬ ለአቦይ ምስግና ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዙፋኑ ታየ?»

ታየ አልኳቸው። ባዶውን ሲሆን ሁሉም ሰው አየው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲሶቹ ሰዎች ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ። አቶ ግርማ አስቀድመው ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው ነበር። ሰዎቹ አዳራሹን ከፍተው ሥዕሉን ሲያዩ ዘለሉ። «ይህ የንጉሡ ሥዕል እስካሁን እዚህ ምን ይሠራል? አውርዱ!» ደጃዝማቹ ንጉሥ ነው ብለው ሰግደውለት ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ንጉሥ ነው ብለው ሻሩት። እሱ ሁለቱንም በእኩል ዐይን አያቸው። እኔም እንደ ልማዴ ምንም አላልኩም፤ ይዤው ወጣሁ።

በጋሪ ጭነን፣ አቦይ ምስግናና እኔ፣ በቤት ጊዮርጊስ በኩል ወደ ምጽዋ በሚወርደው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ትንሽ የመንደር ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው። የደብሩ ቄስ ሽማግሌ ናቸው። ሥዕሉ ግቢው ውስጥ ገና ጋሪው ላይ እንዳለ አቧራውን ሊያነሡ እርጥብ ጨርቅ ይዘው እግሩ ሥር ሲጠርጉ፣ የኖራው ሰማይ ሟሟ። ወርቁ ወጣ። እኔ በደመ ነፍስ ወደ ግቢው በር ተመለከትኩ። ቄሱ ግን አልቆሙም፤ ጨርቃቸውን ይዘው ወረዱ፣ ወደ ጅራቱ ሥር፣ ወደ ቡናማው መስመር። በዓለም ላይ ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን መስመር ያነበበ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

«ንጉሠ ነገሥት ነበረ ዲበ መንበሩ» አሉ በዜማ። «ተቀምጧል። አልተነሣም። ደግ ብሏል። የጻፈው ማነው?»

ያ ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። ሰው ይህን ዓይነት ዕድል ሁለት ጊዜ ያገኛል?

«እኔ ነኝ፣ አባ» አልኩ።

አቦይ ምስግና ጋሪው ላይ ተደግፈው ሳቁ። «እወ» አሉ። «አሁንስ እሱ ነው።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። አደራችሁን፣ ለማንም አትንገሩብኝ። ቃል የሚያስፈራው ሰው በየዘመኑ አይጠፋም፤ ዛሬም አንድ ቦታ ወተት እየጠጣ ደብዳቤ የሚከፍት አለ። ምናልባት ሆዳችሁ አልችል ብሎ ብትናገሩት እንኳ፣ እንደ ልማዳችሁ ‹አንድ ሰው ነበረ› ብላችሁ አትጀምሩት።